የልጄን አሰልጣኝ አመስግኑልኝ

እዚህ ሜሪላንድ ልጃችሁን ቤዝቦል ልታስጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ያስገባሁትን ቦታ ስም አልጠራም። ከፍዬ፣ ማሊያ ገዝቼ ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት አደርሰዋለሁ። እነሱ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። አንድ ቀን ኳስ በእግሮቹ መሃል ሾለከችበት። አሰልጣኙ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኸበት። ልጄ እስከ ቤት ድረስ እያለቀሰ ሄደ። ሄጄ ስጠይቅ "አንቺ ስፖርቱን አታውቂውም" አሉኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን ያለበት አሰልጣኝ ጋ የላከችኝ ጎረቤቴ ናት። በመጀመሪያው ቀን ኳሷ እንደገና አመለጠችው። አንገቱን ደፋ። ሰውዬው ጓንቱን አውልቆ ሳሩ ላይ አጠገቡ ቁጭ አለና ስለ ቤዝቦል ተጫዋቹ ካል ሪፕከን ያጫውተው ጀመር። እኔም ቆሜ ሰማሁ።

ሪፕከን የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ያደገው እዚሁ ሜሪላንድ፣ አበርዲን። በ1981 ባልቲሞር ኦሪዮልስ የሚባለው ቡድን ሲገባ 39 ጊዜ ለመምታት ቆሞ የቀናው 5 ጊዜ ብቻ ነበር። "ያኔ አትረባም ብለው ቢተዉትስ?" አለው ልጄን። በዓመቱ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ፤ በ1983 ከቡድኑ ጋር ዋንጫ በላ። በ1988 ቡድኑ ዓመቱን በ21 ተከታታይ ሽንፈት ጀመረ። አሰልጣኙ የገዛ አባቱ ነበሩ፤ ገና በስድስተኛው ተባረሩ። እሱ ግን ሜዳ ላይ መቆሙን አልተወም። ከ1982 እስከ 1998 በተከታታይ 2,632 ጨዋታ! በ1995 የድሮውን ተጫዋች የሉ ጌሪግን የተከታታይ ጨዋታ ሪከርድ የሰበረ ምሽት፣ ሜዳውን እየዞረ የደጋፊውን እጅ ጨበጠ።

እኔ አባቴ ትዝ አሉኝ። መምህር ነበሩ። አሟቸው እንኳ ከክፍል አይቀሩም ነበር። እንባዬ መጣ።

ከዚያ ተነስቶ ኳሷን መሬት ለመሬት እየላከ እስኪመሽ አለማመደው። ስለ እግርና ስለ እጅ ያለው አልገባኝም። ልጄ ግን ገብቶታል፤ ሲይዛት አየሁ። ሲስቅም አየሁ።

እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጠው! ልጅ ያላችሁ ውሰዱለት። እውነቴን ነው፣ ውሰዱለት። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ ያሠለጥናል፤ ስልኩን ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ዝናብ ነበር። ልጄ ጓንቱን አድርጎ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።