የአምስት ዓመት ዕለታዊ ማስታወሻ ደብተር፦ ከመግዛትዎ በፊት

የደብተሩ አሠራር ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ አለ፤ ገጹ ከላይ እስከ ታች አምስት ቦታ ተከፍሏል፤ አንዱ ክፍል ለአንድ ዓመት። ዘንድሮ የላይኛው ይጻፋል፣ በዓመቱ እዚያው ገጽ ላይ ተመልሶ ሁለተኛው። ገጹ በጠቅላላው 366 ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣው ቀን ገጽ በአምስት ዓመት ውስጥ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ትጻፋለች።

ኤ6 መጠን ያለው (105 በ148 ሚሊ ሜትር) ላይ ሕዳጉና የቀኑ ስፍራ ሲቀነስ ለአንድ ዓመት የሚተርፈው 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አራት መስመር። ጽሕፈቱ ሰፋ የሚል ሰው ተለቅ ያለውን ኤ5 ይግዛ። እኔ ግን ጠባብነቱን እወደዋለሁ። አራት መስመር ለምሬት አይበቃም፤ ለሆነው ነገር ይበቃል።

ሲገዙ መጀመሪያ የጥራዙን ራስ ከላይ ይዩ። ወረቀቱ እየታጠፈ በጥቅል በጥቅል ከታየ በክር የተሰፋ ነው። ጠፍጣፋ ሙጫ ብቻ ከታየ ይተዉት፤ አምስት ዓመት በየቀኑ የሚከፈት ደብተር 1,800 ጊዜ በላይ ይዘረጋል፤ ሙጫው ይሰነጠቅና ቅጠሉ ይረግፋል። በእስክሪብቶ በኩል ጄል ቶሎ አይደርቅም፤ ጽፈው ወዲያው ሲዘጉት ፊት ለፊት ያለው ገጽ ላይ ይታተማል። ተራው የኳስ እስክሪብቶ ይሻላል። አንዳንዱ ደብተር ላይ ያለችው ትንሿ ቁልፍ ጌጥ ናት፤ ምስጢር አትጠብቅም።

ዋናው ጉዳይ አጠቃቀሙ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ዓመት ሲጀመር ዓይን ሳያስቡት የአምናውን ለማንበብ ይቸኩላል። አምናውን አንብቦ የሚጽፍ ሰው ለአምናው መልስ ይጽፋል እንጂ የዛሬውን አይጽፍም። ስለዚህ በገጹ ስፋት የተቆረጠ ካርቶን ያዘጋጁ፤ የላዩን ይሸፍኑ፣ የዛሬውን ይጻፉ፣ ከዚያ ይግለጡት።

ሲገልጡት የሚያገኙት ነገር ያስደነግጣል። «እሱ ዛሬም ያንኑ አደረገ» የሚል መስመር ይኖራል፤ እሱ ማን እንደሆነ፣ ያንኑ የተባለው ምን እንደነበር ግን ከዓመት በኋላ አይታወስም። ያን ቀን እንቅልፍ የነሳ ቂም ስሙ እንኳ አልተረፈም። ከጎኑ «እናቴ ደወለች፣ ጉልበቷ ተሽሏታል» የሚለው ግን ሙሉ ቀኑን ይመልሳል። ስም፣ የተነገረውን ቃል በቀጥታ፣ የሆነውን ነገር ይጻፉ፤ «ከባድ ቀን» ማለት ለአንባቢው ምንም አይነግርም፤ አንባቢው ደግሞ ራስዎ ነዎት።

ግምትዎንም ይጻፉ፤ «ይህ ሥራ አይሳካም ብዬ አስባለሁ» ብለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ባሩክ ፊሾፍና ሩት ቤይት እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወደ ቻይናና ሶቪየት ኅብረት ከመሄዳቸው በፊት ሰዎች በጉዞው ምን ሊሆን እንደሚችል ግምታቸውን ሰጥተው ነበር። ከጉዞው በኋላ ያንኑ ግምታችሁን አስታውሱ ሲባሉ፣ በእርግጥ ለተፈጸመው ነገር መጀመሪያ ከሰጡት የበለጠ ዕድል ሰጥተን ነበር ወደ ማለት አዘነበሉ። ሳይዋሹ ነው። «ድሮም አውቄው ነበር» የምንለው ሁላችንም ነን፤ በእጃችን የጻፍነው ካልሆነ በቀር የሚያርመን የለም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ቀን ካመለጠ ባዶውን ይተዉት። ቅዳሜ ተቀምጠው የሰኞን የሚሞሉ ከሆነ የሚጻፈው የቅዳሜ ስሜት ነው። ባዶ ሳጥኑም ይናገራል፤ በዓመቱ በዚያው ሰሞን እንደገና ባዶ ሲሆን ምን እንደሚያደክምዎት ያያሉ።

ሐዘን ላይ ላለ ሰው ይህን ደብተር አልመክርም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ሙከራ ተሳታፊዎቹ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው የጻፉት በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀን ነበር፤ ያ በአራት መስመር አይገባም። ለእሱ መስመሩ ሰፊ፣ ቀን ያልታተመበት ተራ ደብተር ይያዝ፤ ይሄኛው እስኪበርድለት ይቆየው።