ጊትሃብ ለጅማ ትንሽ የሶፍትዌር ቡድን፦ ነፃው እስከ ምን ያስኬዳል?

ጅማ ላይ የሶፍትዌር ሥራ የሚጀምር ሰው ቡድኑን የሚሞላው ባብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ ገና በወጡ ልጆች ነው። ጠዋት ደንበኛ ያሳምናል፣ ከሰዓት ዋጋ ይደራደራል፣ ማታ የልጆቹን ኮድ ያያል። ጊትሃብ፣ ቡድን ኮዱን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦ በጋራ የሚሠራበት አገልግሎት፣ ኮድ ለማስቀመጥ እንደሚሆን አያከራክርም። እዚህ የሚመዘነው ያቺን የማታ ሰዓት ምን ያህል ፍሬያማ እንደሚያደርጋት ነው።

ዋጋው ላይ ቅሬታ የለም። ከሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ወዲህ የግል ሪፖ (ለውጭ ሰው የማይታይ የኮድ ማኅደር) የፈለጉትን ያህል አባል ቢኖረውም ነፃ ነው። አውቶማቲክ ፍተሻ የሚያስኬደው አክሽንስም ለግል ሪፖ በወር 2,000 ደቂቃ ይሰጣል፤ ለአራት አምስት ሰው ይበቃል። ብቻ እያንዳንዱ ሥራ ወደ ሙሉ ደቂቃ ተጠጋግቶ ስለሚቆጠር፣ 20 ሰከንድ የማይሞላውን ፍተሻ አምስት ቦታ የከፋፈለ አምስት ደቂቃ ይበላበታል።

ዋናው ሀብቱ ፑል ሪኩዌስት ነው፤ አንድ ሰው የሠራው ለውጥ ከዋናው ኮድ ጋር ከመዋሃዱ በፊት ለእይታ የሚቀርብበት መንገድ ማለት ነው። ለቡና ሰብሳቢ የሚሠራ የሂሳብ ፕሮግራም እንውሰድ። ጁኒየሩ (ጀማሪው ልጅ) ኪሎውን ለ17 አካፍሎ ፈረሱላ ያወጣል፣ ክፍያውን ግን በአስርዮሽ ቁጥር (ፍሎት) አስቀምጧል። መሪው እዚያው መስመር ላይ «እስቲ 0.1 እና 0.2ን ደምረህ ውጤቱን ለጥፍልኝ» ብሎ ይጽፋል። ልጁ ሲሞክረው 0.30000000000000004 ይመጣለታል፤ ክፍያው በሙሉ ሳንቲም መያዝ እንዳለበት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጊትሃብ መሪው የተስተካከለውን መስመር ራሱ ጽፎ፣ ጁኒየሩ በአንድ ክሊክ እንዲቀበለው የሚያደርግ ሰጀሽን የሚባል ነገርም አለው። ለፊደል ግድፈት ግሩም ነው። የሎጂክ ስህተት ላይ ሲለመድ ግን ልጁ ሳያነብ መጫን ይጀምራል፣ ያው ስህተት በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል።

የሚደጋገመውን ስህተት የፑል ሪኩዌስት ቴምፕሌት (ፑል ሪኩዌስት ሲከፈት ብቅ የሚል ቅጽ) ውስጥ በጥያቄ መልክ ማስገባት ነው የሚያዋጣው። «ወር ከ12 ከበለጠ ስህተት ነው» የሚል ፍተሻ ጳጉሜን ላይ ደረሰኝ አልቆርጥም ይላል፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ዓመት ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ቴምፕሌቱ ላይ «በ13ኛው ወር ተሞክሯል?» የምትል አንዲት መስመር ይህን ታስቀራለች። አምስት ጥያቄ ይበቃል፤ ሃያ ከሆነ ማንም አያነበውም።

መጠኑም ወሳኝ ነው። ከ400 መስመር ያለፈ ለውጥ ሲመጣ ሪቪው አድራጊው (ኮዱን የሚያየው ሰው) ወደ ታች እየሳበ «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ያኔ ከፋፍለህ አምጣ ማለት ይሻላል። መልሱም ከአንድ ቀን መዘግየት የለበትም። የሚጠብቅ ልጅ ባልታየው ብራንች (ለብቻው በሚሠራበት የኮድ ቅርንጫፍ) ላይ ሌላ ሥራ ይደራርባል፣ በኋላ የተጋጩትን የኮድ ለውጦች ማስታረቅ ከሥራው ይብሳል።

ትልቁ ጉድለቱ መቆለፊያ ማጣቱ ነው። በነፃው ፕላን የግል ሪፖ ላይ ዋናውን ብራንች መቆለፍ አይቻልም፤ ማንኛውም የመጻፍ ፈቃድ ያለው ሰው ሪቪውን ዘሎ በቀጥታ ሊጭን ይችላል። ቲም የሚባለው ፕላን ይቆልፋል፣ በሰው በወር 4 ዶላር ነው፤ ለአምስት ሰው 20 ዶላር። እኛ ጋ የሚያስቸግረው ከገንዘቡ ይልቅ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ነው። ማምለጫ አለ፦ በድርጅት አካውንት ላይ ለጁኒየሮች የማንበብ ፈቃድ ብቻ መስጠት፣ የግል ሪፖ ፎርክ እንዲደረግ (እያንዳንዱ የራሱን ቅጂ እንዲያወጣ) ከሴቲንጉ መፍቀድ፣ ከዚያ ሁሉም ከፎርኩ ፑል ሪኩዌስት እንዲልክ ማድረግ። ማዋሃድ የሚችለው መሪው ብቻ ይሆናል። ከፎርክ የመጣ ፑል ሪኩዌስት ላይ ግን አውቶማቲክ ፍተሻው ሴቲንጉ ካልተከፈተ አይሠራም፤ ብዙዎች ተበላሽቷል የሚሉት እዚህ ጋ ነው።

አካውንቱ በመሥራቹ ስም መከፈት የለበትም። በግል አካውንት ሥር ያለ የግል ሪፖ የማንበብና የመጻፍ ፈቃድን አይለይም፣ ሸሪኮች ሲለያዩም ኮዱ ከአንዱ ጋር ይሄዳል። የድርጅት አካውንት ነፃ ነው፤ ሁለት ባለቤት ይኑረው። የክፍያ ሲስተም ሚስጥራዊ ቁልፍ በስህተት ከተጫነ ደግሞ በቀጣዩ ኮሚት (ተመዝግቦ በሚቀመጥ ለውጥ) ማጥፋት ዋጋ የለውም፣ ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ ቁልፉን ከሰጪው ዘንድ ማሰረዝ ነው።

መብራትና ኔትወርክ ሲሄድ ኮሚት ማድረግ ይቻላል፣ ፑል ሪኩዌስቱ ግን ይቆማል። የስልክ ዳታ ካለ የስልክ አፑ እዚህ ላይ ያድናል፤ ላፕቶፑ ቢዘጋም አስተያየት መስጠትም ማዋሃድም ይቻላል። ኔትወርክ እያለ ኤስኤስኤች (ኮዱ ወደ ጊትሃብ የሚላክበት የተመሰጠረ መስመር) እምቢ ካለ፣ የሚያልፍበት በር ፖርት 22 ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና በ443 ማዞር ነው።