ሁለት ቀን በደሴ፦ ስለ ዴሞክራሲና ሰላም የተሰጠው ሥልጠና

ኮምቦልቻ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፌ ድምፅ ሰጠሁ። አራት ወር እንዳለፈ ጦርነቱ ከተማችን ገባና ልጆቼን ይዤ ተሰደድኩ፤ ስመለስ ሱቄ ውስጥ የቀረው መደርደሪያው ብቻ ነበር። ደሴ ላይ ስለ ዴሞክራሲና ሰላም ሥልጠና አለ ተብዬ ስጠራ የሄድኩት አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው፤ የመራጭነት ካርዴ ቤቴን ለምን አልጠበቀልኝም?

መስተንግዶውን ላስቀድም። ሁለት ሰዓት ተኩል ተብለን አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ተጀመረ፤ ሐረጎን በጭጋግ አቋርጦ ለመጣ ሰው ይህ ያሳዝናል። ምሳው ግን የሚመሰገን ነው። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ሥጋ በየራሱ፣ የጾሙም ወጥ ለብቻው ቀርቦ ሁላችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ በላን።

አሠልጣኙ ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ስለ ምርጫ መልካምነት ይሰብከናል ብዬ ስጠብቅ ከአንጎላ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1992 አንጎላ ውስጥ ሁለቱ ተዋጊዎች ጦራቸውን በሙሉ ሳይበትኑ ምርጫ ተደረገ። የአማፂው ወገን መሪ ጆናስ ሳቪምቢ ውጤቱን አልቀበልም ብሎ ወደ ውጊያ ተመለሰ፤ ጦርነቱም እሱ እስከተገደለበት እስከ 2002 ድረስ ሕዝቡን ፈጀ። ሞዛምቢክ በዚያው በ1992 ሬናሞ ከተባለው አማፂ ጋር ሮም ላይ የሰላም ስምምነት ፈረመች፤ ለምርጫ ግን አልተጣደፈችም። ተዋጊዎቹ በየካምፑ ተሰብስበው ትጥቅ ፈቱ፣ ሬናሞ ፓርቲ ሆነ፤ በ1994 ድምፅ ሲሰጥ ተሸናፊው የሚቀመጥበት ምክር ቤት ተዘጋጅቶለት ነበር።

ደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ «የተሸነፈው የት ይገባል?» እኔ ድምፅ በሰጠሁ ጊዜ ጦርነቱ ከተጀመረ ሰባት ወር አልፎት ነበር፤ ኮሮጆው ጠመንጃ የያዙትን የሚዳኝ አልነበረም። ይህን ሳልረዳ ምርጫን በጠቅላላው ስከስ ኖሬአለሁ።

አንድ ነገር ግን ቅር አሰኝቶኛል። ማታ ልጄ በስልኩ ሲፈልግ፣ ሬናሞ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ጠመንጃ ማንሣቱን አገኘ። በማግስቱ ስጠይቀው አሠልጣኙ አመነ፤ ግን ሳይጠየቅ ሊነግረን ይገባ ነበር። ጦርነት ያየ ሰው የተቆረጠ ታሪክ አያጽናናውም።

በሁለተኛው ቀን ከወረባቦ የመጡ አንድ አባጋር፣ ማለትም ደም የሚያስታርቁ የአገር ሽማግሌ፣ ተናገሩ። የተሰጣቸው ሩብ ሰዓት ብቻ ነበር፤ የዴሞክራሲን ትርጉም ከግድግዳ ላይ ለማንበብ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠፍቷል። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን እንዴት እንደሚያስታርቁ ሲያስረዱ፣ «ካሳ ሳይቆረጥ ደም አይደርቅም፤ ተበዳዩ በቃኝ ካላለም ዱዓው አይደረግም» አሉ። እኔም ተነሥቼ፣ «አባቴ፣ የእኔ በዳይ ስሙም አይታወቅ፤ ካሳዬን ማን ይቁረጥልኝ?» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ይህን መንግሥት ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነው የሚመልሰው» አሉኝ።

አሠልጣኙ ቀጠል አድርጎ የሶማሊላንድን አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1993 ቦራማ ላይ የጎሳ ሽማግሌዎች ለወራት ተቀምጠው ተማከሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ልዩነቱ 80 ድምፅ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ተሸናፊው ፍርድ ቤት ተከራክሮ ውጤቱን ተቀበለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ልክ እዚህ ላይ ሰዓት አለቀ ተባለ።

አዘጋጆቹን የምለምነው አባጋሩን ጠዋት እንዲያስቀድሟቸው፣ ሰዓቱንም እንዲሰጧቸው ነው። ድጋሚ ከተጠራሁ ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ።