ለ21 ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር፣ ከእማዬ የተላከ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ስሙን ለማላውቀው ሰው ነው። ሊክተንስታይን ውስጥ ከዋና ከተማዋ ከቫዱዝ ተራራ ላይ ወዳለችው ማልቡን የሚወጣውን 21 ቁጥር አውቶቡስ የሚነዳ ሹፌር ነው። አማርኛ አያነብም። እናቴ ግን «ሰው ሁሉ እያየ አመስግኚልኝ» ብላለች። እሷ ካለች አለች ነው። በዚያውም ወደዚያች አገር በትንሽ ገንዘብ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ሁለት ነገር ትወስዳላችሁ።

እማዬ ለዘመን መለወጫ ከአዲስ አበባ ዙሪክ እኔ ጋ መጥታ ነበር። ሐይቁን አሳየኋት። ትልልቆቹን አብያተ ክርስቲያናት አሳየኋት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰለቻት። «እዚሁ አጠገባችን ልዑል ያለባት አገር አለች» ስላት ግን ቀና አለች። «ልዑል? የእውነት ልዑል?» እሷ ጃንሆይ ሲያልፉ መንገድ ዳር ቆማ እጅ የነሳች ሰው ናት። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቀምጠኝ።

አንድ የጉዞ ወኪል ጠየቅኩ። የግማሽ ቀን ጉዞ ለሁለታችን ከ200 ፍራንክ በላይ አለኝ። ቫዱዝ ላይ ትንሽ ፎቶ፣ ትንሽ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ፣ ከዚያ መመለስ። እዚያው ላይ ትንሽ ብጨምርበት ሁለት ቀን አይሆንም? ሆነ።

መንገዱ ቀላል ነው። ሊክተንስታይን የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከዙሪክ ሳርጋንስ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። እኔ የግማሽ ዋጋ ካርድ አለኝ። ለእማዬ ደግሞ ቀደም ብዬ በቅናሽ የሚሸጠውን ትኬት ገዛሁላት። ይህ ቅናሽ የሚገኘው ቀድሞ ለገዛና ባቡሩን ለማይቀይር ሰው ነው፣ አትዘናጉ። ሳርጋንስ ላይ ወርዳችሁ ጣቢያው በር ላይ አረንጓዴውን 11 ቁጥር አውቶቡስ ትይዛላችሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በመሐል ራይን ወንዝን ስትሻገሩ ሌላ አገር ገባችሁ ማለት ነው።

እማዬ ፓስፖርቷን ከፍታ በእጇ ይዛ ተዘጋጅታለች። ማንም አልመጣም። «የሚያይ የለም?» አለችኝ ቅር ብሏት። የለም። ከስዊዘርላንድ ጋር የጉምሩክ ኅብረት ከገቡ 100 ዓመት አልፏቸዋል። የሚገበያዩትም በስዊስ ፍራንክ ነው። ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሸንገን ውስጥ ናቸው። የሸንገን ቪዛ ያለው ዘመድ ካላችሁ ሌላ ወረቀት አያስፈልገውም።

ማኅተም የፈለገ ግን በገንዘቡ ያስመታል። ቫዱዝ መሐል ያለው የቱሪስት ቢሮ ጥቂት ፍራንክ ተቀብሎ ለመታሰቢያ ፓስፖርት ላይ ይመታል። እኔ «ገንዘብ ማባከን ነው» አልኩ። እማዬ ሰምታኝም አታውቅ። አስመታች። ፓስፖርቷን እፍ እፍ እያለች አደረቀችና በትንሿ ጥቁር ቦርሳዋ ከተተችው። ከደም ግፊት ኪኒኗና ከመመለሻ ትኬቷ ጋር። ይህችን ቦርሳ ያዙልኝ።

ቤተ መንግሥቱ ከከተማው በላይ ገደል ላይ ነው። ታች ሆናችሁ አንገት ማቅናት ነው እንጂ ውስጡ አይገባም፤ የልዑሉ ቤተሰብ ይኖርበታል። ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱ ድረስ የሚጋበዘው በብሔራዊ በዓላቸው በኦገስት 15 ነው። ቢራም ይቀዳል። ቀኑ የእመቤታችን ዕርገት የሚከብርበት ስለሆነ እማዬ ደስ አላት፣ ግን ወዲያው በጣቷ ቆጠረች። «ነሐሴ 9! ፍልሰታ መሐል! ቢራ?» እኛ የምናከብረው ነሐሴ 16 መሆኑን አስረድታኝ፣ ልዑሉን ይቅር ብላ አለፈች።

ምሳችንን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ በላን። ዓርብ ስለነበር ከቤት የቋጠርነው እንጀራ በምስር ነው። ውኃ ከመንገድ ዳር ቧንቧ ቀዳን። «የማይጠጣ» የሚል ካልተጻፈበት ይጠጣል፣ ጠርሙስ ውኃ በመግዛት አትቃጠሉ።

ከሰዓት በኋላ 21 ቁጥርን ያዝን። የዚህ አውቶቡስ ዋጋ ከአንድ ካፑቺኖ ብዙ አይርቅም። የሚያሳየው ግን ሌላው በመቶ ፍራንክ የሚሸጠውን ነው። ከቫዱዝ ይነሳና ትሪዘንበርግን እየተጠማዘዘ ይወጣል። በመስኮቱ የራይን ሸለቆ እየጠለቀ፣ ማዶ የስዊስ ተራሮች እየተነሱ ይሄዳሉ። ከዚያ ዋሻ ውስጥ ትገባላችሁ። ስትወጡ ሌላ ዓለም ነው። ላም፣ ቃጭል፣ የእንጨት ቤት። መንገዱ ማልቡን ላይ ያልቃል።

ስንሳፈር ሹፌሩ «ሆይ!» አለን። እማዬ ደነገጠች። «ማንን ነው የሚጠራው?» ሰላምታቸው ነው። ትንሽ ትልቅ ሳይሉ ሁሉንም «ሆይ» ነው የሚሉት። እማዬ «ጌታ ሆይ ብሎ የጀመረ መስሎኝ ነበር» ብላ እስክንወርድ ሳቀች። እሱም ምን እንዳሳቃት ሳያውቅ በመስታወቱ እያያት ሳቀ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ክንዱ ወፍራም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አሮጊቶች ሲሳፈሩ እስኪቀመጡ አይነሳም። ይህን ቀድሜ አይቼበት ነበር።

ማልቡን 1600 ሜትር ላይ ነው። ተራራ ወጣን ብለን ፎቶ ተነሳን እንጂ፣ ለእውነቱ ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ብለን ነበር። ብርዱ ግን የእንጦጦን ያስንቃል።

አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄድን እማዬ ኪኒኗን ለመዋጥ እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደች። ቦርሳው የለም። ወንበሩ ላይ ቀርቷል። አውቶቡሱ ደግሞ ሄዷል።

የሷ ፊት ሲለወጥ ሳይ የኔ ጉልበት ራደ። በሰው አገር የጠፋ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ምን እንደሚያስከትል እናንተም ታውቃላችሁ። ኤምባሲ፣ ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የመመለሻ ወረቀት)፣ የአውሮፕላን ትኬት መቀየር። እየሮጥኩ ወደ ፌርማታው ተመለስኩና የአውቶቡሱ ድርጅት ስልክ ላይ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። ስንት ሰዓት ላይ እንደወረድን፣ የት ተቀምጠን እንደነበር፣ የቦርሳውን መልክ ጠየቀችኝ። «ስልክሽን አትዝጊ፣ መልሼ እደውላለሁ» አለች። አምስት ደቂቃ አልሞላም። «ሹፌሩ ጋ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ይዞት ይመጣል። ወደ ታች እንዳትወርዱ፣ መንገድ ላይ ትተላለፋላችሁ።» ለእሷም ምስጋናዬ ይድረሳት፣ እሷ ባትኖር በጫካ አቋርጬ መውረድ ጀምሬ ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። እማዬ ውዳሴ ማርያም ደገመች። እኔ ወጪ አሰላሁ።

አውቶቡሱ ጥጉን ዞሮ ሲመጣ እማዬ ቆመች። ሹፌሩ ገና ሳይቆም ቦርሳውን በመስታወቱ በኩል ከፍ አድርጎ አሳያት። ያን ማድረግ አልነበረበትም። ግን ከሩቅ አይቷት መሆን አለበት፤ ነጠላዋን እንዴት ጨብጣ እንደቆመች። በሩን ከፈተና ከመቀመጫው ተነስቶ ወረደ። ቦርሳውን በሁለት እጁ ሰጣት። በሁለት እጁ! እዚህ አገር እንዲህ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም። እማዬ ይህን እስከ ዛሬ ታወራለች።

ከዚያ «ከፍተው ይዩ፣ የጎደለ ካለ» አለ በእኔ አስተርጓሚነት። እማዬ አልከፍትም አለች፣ ነውር መስሏት። እሱ ደግሞ ካላየች አልሄድም አለ። ሰዓቱን አየ፣ ለመነሻው ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ከፈተች። ፓስፖርቱ አለ፣ ትኬቱ አለ፣ ኪኒኑ አለ። እዚያው አንዷን ዋጠች።

አሥር ፍራንክ አወጣች። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እምቢ አለ። እማዬ ባዶ እጁን የምትሸኝ ሰው አይደለችም። ከሌላኛው ፌስታል ዳቦ ቆሎ በእፍኟ ዘግና ጭብጡ ውስጥ ጨመረችለት። አየው። አሸተተው። አንዷን አፉ ውስጥ ጣለ። ቀጭ! አለ። ሌላ ጨመረ። ከዚያ የቀረውን ምሳ ዕቃው ውስጥ አስገብቶ ከደነው። «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ፣ መሪህን ይምራልህ» አለችው። ተርጉሚልኝ አለችኝ። «መሪህን ይምራልህ»ን ወደ ጀርመንኛ መልሱት እስቲ። «መልካም መንገድ ትላለች» ብዬ አመለጥኩ።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ዝም ብለው ጠበቁ። በሰዓቱም ተነሳ።

ያን ሌሊት ሻን አጠገብ ባለው የወጣቶች ማደሪያ አደርን። ቁርስና አንሶላ ከዋጋው ውስጥ ነው። እማዬ «የወጣቶች» የሚለውን ስተረጉምላት «በ68 ዓመቴ!» ብላ ለእህቴ ደውላ ነገረቻት። ንጹሕ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ሆቴል ከምትከፍሉት በብዙ ይቀንሳል። ክረምት ላይ ሊዘጋ ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቅዳሜ የፖስታ ሙዚየሙን አየን። መግቢያው በነፃ ነው። አገሪቱ በቴምብሮቿ የታወቀች ናት። ምሳ አንድ ሰሃን ኬዝክኖፍሌ ለሁለት አዘዝን፤ ትንንሽ የሊጥ ፍርፍር በአይብና በተጠበሰ ሽንኩርት ነው፣ ብሔራዊ ምግባቸው። ከአፕል ማርማላታ ጋር ይመጣል። እማዬ ማርማላታውን ለብቻው በላችው። ምግብ ቤት ውድ ነው፣ አልዋሻችሁም። እሑድ ደግሞ ሱፐርማርኬቶቹ ዝግ ናቸውና ቅዳሜ ግዙ።

ስንመለስ በአውቶቡስ ሳይሆን በእግራችን ከአገሪቱ ወጣን። ከቫዱዝ ትንሽ ወረድ ብሎ ራይን ላይ ጣሪያ ያለው አሮጌ የእንጨት ድልድይ አለ፣ 135 ሜትር ነው። መኪና አይገባበትም። መሐሉ ላይ ድንበሩ ተጽፏል። ማዶ ዜቬለን የሚባል የስዊስ መንደር አለ፣ የባቡር ጣቢያም አለው። እማዬ አንድ እግሯን ወዲህ አንዱን ወዲያ አድርጋ ቆመች። ወታደር እንደሌላቸው፣ ሠራዊታቸውን በ1868 እንደበተኑት ነገርኳት። ባሕር በርም እንደሌላቸው፣ ጎረቤቶቻቸውም ባሕር እንደሌላቸው፣ እንዲህ ያለ አገር ከእነሱ ሌላ ኡዝቤኪስታን ብቻ እንደሆነ ጨመርኩላት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ እነሱ ምንም አልጎደላቸውም» አለች። ወደ ፖለቲካ ልትገባ ነው ብዬ ወሬ ቀየርኩ።

እንግዲህ የምትሄዱ ከሆነ መኪና አትከራዩ። አረንጓዴውን አውቶቡስ ያዙ። ወደ ማልቡን ስትወጡ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ካልሆነም ከፊት። ጸጉሩ የሸበተ፣ ክንዱ ወፍራም ሹፌር «ሆይ» ካላችሁ ሰላምታችንን አድርሱልን። ዳቦ ቆሎ ከያዛችሁ እምቢ አይላችሁም።

ትናንት እማዬ ደውላ ነበር። ገና ስለ ጤናዬ እንኳ ሳትጠይቅ «ለዚያ ልጅ ጻፍሽለት?» አለችኝ። ልጅ የምትለው ሹፌሩን ነው።