«ቦን» በአንድ ጥራዝ፦ ለልብ ወለድ ጸሐፊ ምን ይጠቅማል?

ጄፍ ስሚዝ «ቦን» የተሰኘውን ምናባዊ ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕሎችና በምልልስ የሚተረክ ታሪክ) እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2004 በ55 ቅጾች አሳትሞ ሲያበቃ መላ ታሪኩን በአንድ ጥራዝ አወጣው፤ ይህ ግምገማ የሚመለከተውም ይህንኑ 1,332 ገጾች ያሉትን ጥቁርና ነጭ እትም ነው። ያነበብኩት አጭር ልብ ወለድ እንደሚጽፍ ሰው ስለሆነ ፍርዴ ከሥዕሉ ውበት ይልቅ ወደ ትረካው ብልሃት ያደላል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከከተማቸው የተባረሩ ሦስት ዘመዳሞች በረሃ ላይ በአንበጣ መንጋ ተለያይተው ወደማያውቁት ሸለቆ ሲገቡ ነው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፎን ቦን፣ ቶርን የምትባል ወጣትና አያቷ ዘንድ ይጠጋል። ከላሞች ጋር ሩጫ የምትወዳደረው ይህች አያት ለብዙ ምዕራፎች አስቂኝ ባልቴት ብቻ መስላ ትቆያለች፤ ምስጢሯ ሲወጣ ግን (እዚህ አልገልጠውም) አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ ምልክቶቹ ሲያልፉ ዝም ብሎ እንዳያቸው ይረዳል። ማንነቷን በሐተታ ከመንገር ይልቅ በሁኔታዋ የማሳየት ትዕግሥት ገጸ ባሕርይን በመጀመሪያው አንቀጽ ከነታሪኩ ለምናስተዋውቅ ጸሐፊዎች ትልቅ ትምህርት ነው።

ቀደም ሲል አኒሜሽን ይሠራ የነበረው ስሚዝ ጊዜን መመጠን ያውቅበታል። የበረዶው ወቅት ሲገባ በአንዱ ሥዕል መሬቱ ባዶ ነው፣ በሚቀጥለው በረዶው በአንድ ጊዜ ዱብ ብሏል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ስለ አየር ሁኔታ የምጽፋቸው አንቀጾች አጥረዋል። ፎን ቦንን የሚያሳድዱት ሁለቱ የአይጥ አውሬዎችም ያደኑትን በጥሬው እንብላ ወይስ በእንቁላል እንጋግረው እያሉ ይጨቃጨቃሉ፤ ሳቁ ፍርሃቱን ከመቀነስ ይልቅ ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም የምግብ ምርጫ ያለው ጠላት ሕያው ሆኖ ይታያል።

ይሁንና ጸሐፊው ሁሉንም ልቅዳ ቢል ይጎዳል። በኮሚክ ዝምታን የሚሸከመው የተሣለው ፊት ስለሆነ፣ ያንኑ አሠራር ወደ ስድ ንባብ የሚያመጣ ሰው ፊት የሌለው ደረቅ ምልልስ ሊተርፈው ይችላል፤ የገጸ ባሕርይ ውስጣዊ ሐሳብ የሚጻፍበትን መንገድ ከሌላ መጽሐፍ መማር ግድ ነው። በተጨማሪም ወደ መጨረሻው ሲደርስ ስሚዝ ራሱ ትዕግሥቱን ያጣል፤ የሸለቆው ጥንታዊ ታሪክና የሕልም ኃይል ሥርዓት በረጃጅም ንግግሮች ስለሚብራራ፣ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የነበረው ቅልጥፍና ይደክማል።

ጥራዙ ከባድ ስለሆነ ጋደም ብሎ ለማንበብ አይመችም፣ ጠረጴዛ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዘጠኝ መጻሕፍት ተከፍሎ የወጣው ባለ ቀለም እትም ለልጆች ስጦታ የተሻለ ነው። ለጸሐፊ ግን ጥቁርና ነጩን እመርጣለሁ፤ ቀለም ስለሌለው ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በመስመሩና ከሥዕል ወደ ሥዕል ባለው ሽግግር ላይ ነው።