የመጀመሪያው የውሃ ማቀዝቀዣዬ፦ ዕቃዎቹ ከስምንት ወር በኋላ ሲመዘኑ

ኮምፒውተሬን በፋብሪካ ታሽጎ በሚመጣ ማቀዝቀዣ ሳይሆን ራሴ በምገጣጥመው የውሃ መስመር ለማቀዝቀዝ ስወስን ቀድሜ ያዘዝኩት ዓይን የሚስበውን ዕቃ ነበር፤ መብራት ያለው የፕሮሰሰር ብሎክ (ቺፑ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን ለሚያልፍበት ውሃ የሚያቀብለው ዕቃ) እና ብርጭቆ የሚመስል ረጅም የውሃ ማጠራቀሚያ። መጋጠሚያዎቹንና ቱቦውን ግን በተረፈኝ ገንዘብ መጨረሻ ላይ ለቃቀምኳቸው፤ የማፍሰሻ ቫልቭ መግዛት ከነጭራሹ ትዝ አላለኝም። መስመሩ ሥራ ከጀመረ ስምንት ወር ሆኖታል። በእነዚህ ወራት እንድቸገር ያደረጉኝ እነዚያው የናቅኳቸው ጥቃቅን ዕቃዎች ስለሆኑ ግምገማው ወደ እነርሱ ቢያደላ አንባቢ አይፍረድብኝ።

ከትልልቆቹ ዕቃዎች መካከል ብዙ ማጣራት የጠየቀኝ የግራፊክስ ካርዱ ብሎክ ነው። የፕሮሰሰር ብሎክ ለመግዛት የማዘርቦርዱን ሶኬት ማወቅ በአብዛኛው ይበቃል። የግራፊክስ ካርድ ብሎክ ግን የሚቀረጸው ለቺፑ ስም ሳይሆን ቺፑ ለተተከለበት የካርዱ ሰሌዳ ነው። አንድ ዓይነት ቺፕ የተሸከሙ ሁለት ካርዶች አምራቾቻቸው ከተለያዩ የብሎን ቀዳዳቸው፣ የካፓሲተሮቻቸው ቁመትና የኃይል ሶኬታቸው ቦታ ሊለያይ ስለሚችል ለአንዱ የተሠራው ብሎክ በሌላው ላይ ላይቀመጥ ይችላል። እኔ በካርዱ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ከብሎኩ አምራች ሰንጠረዥ ጋር ካመሳከርኩ በኋላ ስላዘዝኩ ልክክ ብሎ ገጥሞልኛል። ብሎኩ ኒኬል የተለበጠ መዳብ ሲሆን አሠራሩ የሚያስከፋ አይደለም። በማስታወሻ ቺፖቹና በኃይል ክፍሉ ላይ የሚነጠፉት የሙቀት ማስተላለፊያ ፓዶች ግን ሁለት ዓይነት ውፍረት ነበራቸው፤ ወፍራሙ በቀጭኑ ቦታ ከገባ ብሎኩ ከዋናው ቺፕ ላይ በፀጉር ያህል ከፍ ይልና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የመመሪያው ሥዕል ደብዛዛ ስለነበር እያንዳንዱን ፓድ በካሊፐር እየለካሁ ለጠፍኩ።

የብረቱ ዓይነት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ብሎኩ መዳብ ከሆነ ራዲያተሩም (የሞቀው ውሃ በፋን አየር የሚቀዘቅዝበት ዕቃ) መዳብና ናስ ይሁን። አሉሚኒየምና መዳብ በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ያለ ግንኙነት ይፈጥሩና አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል፤ ፀረ ዝገት ፈሳሽም ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ ዋስትና አይሆንም።

ራዲያተር ስመርጥ ያተረፈኝ የካርቶን ቁራጭ ነው። የኬዙ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) መግለጫ በላይኛው በኩል ባለ 360 ራዲያተር እንደሚቀበል ይናገራል። ይህ ቁጥር ግን ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋኖች ሦስት ሆነው ሲደረደሩ የሚይዙት ርዝመት እንጂ የራዲያተሩ ሙሉ ቁመና አይደለም፤ በሁለቱ ጫፍ ያሉት የውሃ ጓዳዎች ሲጨመሩ ብዙዎቹ ወደ 400 ሚሊ ሜትር ይጠጋሉ። ውፍረቱም አለ። ልቤ የከጀለው 45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ነበር፤ 25 ሚሊ ሜትር የሆነው ፋን ሲታከልበት 70 ይሆናል። በዚያ ልክ ካርቶን ቆርጬ ከኬዙ ጣሪያ ሥር ሳስገባው ጠርዙ ራሙ አናት ላይ አረፈ። ባለ 30ው ከነፋኑ 55 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ትንሽ ጣት እንኳ በማታሾልክ ክፍተት አለፈ። ስለዚህ ከላይ ባለ 360ውን፣ ከፊት ደግሞ ባለ 240ውን፣ ሁለቱንም በ30 ውፍረት ገዛሁ። ክንፎቻቸው (አየር በመካከላቸው የሚያልፍባቸው ስስ ብረቶች) ጥቅጥቅ ያላሉትን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ የጠበቀ ክንፍ አየር ለማሳለፍ ፈጣን ፋን ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ወደ ውሃ የዞርኩት ጩኸት ሽሽት ነው። አዲስ ራዲያተር ውስጥ የብየዳ ቅሪት ሊኖር ስለሚችል ከመገጠሙ በፊት መታጠብ አለበት። የእኔን በሞቀ የተጣራ ውሃ ሞልቼ ስንጠው መጀመሪያ የወጣው ውሃ ሻይ መስሎ ነበር፤ በአምስተኛው ጠራ።

ፓምፑ ዲ5 በሚል ስም የሚታወቀው ነው፤ ያለምንም ማቅማማት የማመሰግነው ዕቃም እርሱ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ ሲሆን በመግለጫው መሠረት ያለ ተቃውሞ በሰዓት እስከ 1500 ሊትር ይገፋል። ብሎክና ራዲያተር ሲደረደሩበት ፍሰቱ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል፣ ይህ ግን ሊያስደነግጥ አይገባም። በደቂቃ 3 ሊትር ብቻ ቢፈስና ዕቃዎቹ 500 ዋት ሙቀት ቢለቁ፣ ውሃው መስመሩን አንድ ጊዜ ሲዞር የሚጨምረው ወደ 2.4 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ነው። በዚህም የተነሳ ፕሮሰሰሩ ይቅደም ወይስ ካርዱ የሚለው ክርክር እምብዛም አያስኬድም፤ ቱቦው በሚያጥርበት በኩል መዘርጋት ይሻላል። ማጠራቀሚያው ግን የግድ ከፓምፑ መግቢያ በፊትና ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ፓምፑ የሚለሰልሰውም የሚቀዘቅዘውም በሚያልፍበት ፈሳሽ ስለሆነ ለደቂቃዎች እንኳ በደረቁ መሽከርከር የለበትም። የእኔ ከአምስቱ ፍጥነቶች በሁለተኛው ላይ ሲሆን ድምፁ አይሰማም፤ በአራተኛው ግን የኬዙ ላሜራ ስለሚያስተጋባ ከሥሩ ስፖንጅ አኑሬያለሁ።

ቱቦና መጋጠሚያ ላይ ስደርስ ቅሬታዬ ይጀምራል። ለጀማሪ ጠንካራው ቱቦ ሳይሆን ተጣጣፊው እንደሚሻል አሁንም አምናለሁ፤ ጠንካራው በሙቀት ለስልሶ ይታጠፋል፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ከተሳሳተም ይጣላል። ስህተቴ የተጣጣፊውን ዓይነት አለማጣራቴ ነበር። የመጀመሪያው ብርሃን አስተላላፊ ፒቪሲ ሲሆን፣ በሦስተኛው ወር የፕሮሰሰሩን ብሎክ ስመለከት በቀጫጭን ቦዮቹ ላይ ነጣ ያለ ሙጫ መሳይ ነገር ተጋግሮ አየሁ። ቱቦውን እንዲለሰልስ የሚያደርገው ኬሚካል እየተፋቀ ወደ ውሃው ገብቶ ነው። ብሎኩን ፈትቼ በጥርስ ብሩሽ ካጸዳሁት በኋላ ቱቦውን በሙሉ ኢፒዲኤም በሚባለው ጥቁር ጎማ ቀየርኩት። መልኩ የአትክልት ማጠጫ ይመስላል፤ ውሃው ግን እስከ ዛሬ እንደጠራ ነው።

መጋጠሚያዎቹ የብሎናቸው ጥርስ ጂ 1/4 የሚባለው የጋራ ልክ ስለሆነ የአንዱ አምራች በሌላው ብሎክ ላይ ይገጥማል። በቱቦው በኩል ግን የውስጥም የውጭም ዲያሜትር መመሳሰል አለበት፤ ለ10/13 ቱቦ (ውስጡ 10፣ ውጩ 13 ሚሊ ሜትር) የተሠራ መጋጠሚያ የ10/16ን ቱቦ አያቅፍም። ከገዛሁት ርካሽ ጥቅል ውስጥ አንዱ ባለ 90 ዲግሪ ተሽከርካሪ መጋጠሚያ የጎማ ቀለበቱ ከፋብሪካ ሲመጣ ጀምሮ የተቆረጠ ነበር። ያወቅኩት ማዘርቦርዱን ከኃይል ለይቼ፣ በፓወር ሰፕላዩ ትልቅ ሶኬት ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር አገናኝቼ ፓምፑን ብቻ ሳስነሳ ነው። በየመጋጠሚያው ሥር ነጭ ሶፍት አንጥፌ ስለነበር ከአርባ ደቂቃ በኋላ በአንዱ ላይ የሳንቲም ያህል እርጥብ ክብ ታየ። አሁን ግን ውሃ ከመሙላቴ በፊት በእጅ ፓምፕ ግማሽ ባር ያህል አየር ሞልቼ የግፊት መለኪያው መውረድ አለመውረዱን አያለሁ፤ አየር ቢያመልጥ የሚያበላሸው ነገር የለም።

ቱቦውን ስቀይር የማፍሰሻ ቫልቭ ስላልነበረኝ ከባዱን ኬዝ አቅፌ ባልዲ ላይ ማጋደል ነበረብኝ፤ ከፈሳሹ ግማሹ ባልዲው ውስጥ፣ ቀሪው ሱሪዬ ላይ አረፈ። በኋላ ከመስመሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ፣ ከእርሱም ሥር ትንሽ ቫልቭ ጨመርኩ። ባለፈው ወር ፈሳሹን ሳድስ ቫልቩን ከፍቼ ከላይ የማጠራቀሚያውን ክዳን ሳላላ፣ ከላይኛው ራዲያተር ውስጥ ከቀረችው ግማሽ ብርጭቆ በስተቀር ሁሉም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወርዷል።