ስክሪኑ አሪፍ፣ ሚስጥር ጥበቃው ዜሮ

ጎንደር ፒያሳ ካለች አንዲት ሞባይል ቤት ስክሪን አስቀየርኩ፤ ስሟን አልጠራም። በሥራው እንከን አላወጣም። ንክኪው ፈጣን ነው፣ ዋጋውም ከተነገረኝ አልጨመረም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ጠጋኙ ልጅ የስልኬን መክፈቻ ፓተርን ጠየቀኝና ብጣሽ ወረቀት ላይ ዘጠኝ ነጥብ ስሎ መስመሩን አገናኘ፣ ከዚያ በፕላስተር ስልኬ ጀርባ ላይ ለጥፎ መጪ ሂያጁ ሁሉ በሚያየው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የቤቴ ቁልፍ ነው» ስለው ሳቀ። ፎቶው፣ ቴሌግራሙ፣ የባንኩ ሜሴጅ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው! የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ እዚህ መደርደሪያ ድረስ ግን ገና አልወረደም መሰለኝ። ለጥገናው አራት ኮከብ፣ ለሚስጥር ጥበቃው ምንም። ከእንግዲህ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው የማሠራው፣ ሁለት ሰዓትም ቢፈጅ።